የፋዮል ፈረስ ኮምቦልቻ ላይ

ኮምቦልቻ ውስጥ በርና መስኮት የምንሠራበት ወርክሾፕ አለኝ። 9 ሰው ይሠራበታል። ቤቴ ግን ደሴ ነው። ጠዋት ሐረጎን ቁልቁል እወርዳለሁ፣ ማታ ሽቅብ እመለሳለሁ።

አንድ ሐሙስ ለቅሶ ነበረብኝና ደሴ ዋልኩ። ስልኬንም ዘግቼው ነበር። ከሰዓት በኋላ ወርክሾፑ ውስጥ ኤሌክትሮድ (መበየጃው ዘንግ) አለቀ። ስቶር ውስጥ 4 ፓኬት ተቀምጧል። ስቶር የምትይዘው ልጅ ግን «ጋሼ ካላዘዙ አልሰጥም» አለች። በያጆቹ ለመኗት፣ ተቆጧት፤ ወይ ፍንክች። ለአርብ ቃል የገባሁበት የግቢ በር ግማሹ ተበይዶ፣ ግማሹ መሬት ላይ ተበትኖ አደረ። ባለቤቱ በማግስቱ መኪና ይዞ መጣና ባዶውን ተመለሰ። ቀብዱንም መልሼለታለሁ።

ልጅቷ ላይ ጮህኩባት። ቀና ብላ አየችኝና «ያለ እኔ ትዕዛዝ አንድ ብሎን እንዳይወጣ ያሉኝ እርስዎ አይደሉ እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። አፌን ያዝኩ።

ያን ሰሞን ደሴ ውስጥ ማታ ማታ ማኔጅመንት እማር ነበር። አስተማሪያችን ስለ ሄንሪ ፋዮል ሲያወራ አንድ ታሪክ ነገረን። ፋዮል ፈረንሳይ ውስጥ በኮመንትሪ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ወጣት መሐንዲስ ሳለ ጉድጓዱ ውስጥ የሚሠራ አንድ ፈረስ እግሩ ተሰበረ። ሌላ ፈረስ እንዲሰጠው ሲጠይቅ የጋጣው ኃላፊ እምቢ አለ፤ ዋናው ሥራ አስኪያጅ የለም፣ ያለ እሱ ደግሞ ማዘዝ የሚችል ሰው የለም። ፈረስ ጋጣ ውስጥ ቆሞ ሥራ ቆመ።

ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ላብ አጠመቀኝ። ፈረሱ የኔ ኤሌክትሮድ ነው። ፋዮል ከዚያ በኋላ ድርጅቱን ከኪሳራ አፋፍ አውጥቶ ለ30 ዓመት መርቶታል፤ ያየውንም እ.ኤ.አ. በ1916 አሳትሞታል። ከ14ቱ መርሆዎቹ አንዱ ኃላፊነት የሰጠኸውን ሰው ሥልጣንም ስጠው የሚል ነው። እኔ ለልጅቷ ቁልፉን ሰጠኋት እንጂ ሥልጣኑን ኪሴ ውስጥ ይዤው ነበር የምዞረው።

ስለዚህ መዝገብ ከፈትን። እስከ 3,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ በበያጆቹ ኃላፊና በእሷ ፊርማ ይወጣል፤ እኔ ማታ አየዋለሁ። ይሄንንም ከፋዮል ነው የወሰድኩት። እኩያ የሆኑ ሁለት ሠራተኞች አለቆቻቸው እያወቁ በቀጥታ እንዲነጋገሩ ይፈቅዳል፤ ድልድይ ይለዋል። መጀመሪያ ላይ ልጅቷ ለመፈረም እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። «አብሽሪ፣ ብትሳሳቺም የኔ ነው» አልኳት።

ሁለተኛው ችግር የባሰ ነበር፤ ቴሌግራም። ለሥራው ብለን ግሩፕ ከፍተናል። ጠዋት እኔ «የመስኮቱን ቀድሙ» እላለሁ። ታናሽ ወንድሜ ደንበኛ ደውሎለት «በሩን ቀድሙ» ይላል። ባለቤቴ ደግሞ ሒሳቡን ስለምትይዝ ያልከፈለውን ሰው ሥራ ታስቆማለች። ሁላችንም ልክ ነን፤ በያጁ ግን ማንን ይስማ? ፋዮል አንድ ሰው ከአንድ አለቃ ብቻ ይታዘዝ ያለው ስልክ በየኪሱ ባልነበረበት ዘመን ነው። እኔ ግን ቃሉ የተጻፈው ለግሩፓችን ነው የመሰለኝ። አሁን ግሩፑ ለፎቶና ለልኬት ብቻ ነው። ትዕዛዝ በወንድሜ በኩል ይሄዳል፤ የኔም ቢሆን። ለኔ ይሄ ቀላል አልነበረም። የራሴ ወርክሾፕ ውስጥ ገብቼ ዝም ማለት ወራት ፈጅቶብኛል።

አሜሪካዊው የሥራ አመራር መሐንዲስ ፍሬድሪክ ቴይለር ላይ ደግሞ ተሳስቻለሁ። ሥራን በሰዓት መለካቱ ስለማረከኝ ስልኬን ይዤ በያጆቹ ራስ ላይ ቆምኩ። በሁለት ቀን ጨዋታና ሳቅ ጠፋ፤ ሥራውም አልፈጠነም። አንጋፋው በያጃችን ወደ ጎን ወስዶኝ «ልጄ፣ የኛን እጅ ከምትቆጥር ብረቱ የት እንደተቀመጠ እይ» አለኝ። አየሁ። ቱቦላሬው ግቢው መግቢያ ላይ፣ መቁረጫው ማዶ ጥግ። ሰዉ ቀኑን ሙሉ ብረት ተሸክሞ ይመላለሳል። መቁረጫውን ብረቱ አጠገብ አመጣነው። በኋላ ሳነብ ቴይለርም ከሰዓቱ በፊት መሣሪያውን ያይ እንደነበር ገባኝ። አሜሪካ በነበረው ቤተልሔም ብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ለከባዱ ማዕድን ትንሽ አካፋ፣ ለቀላሉ ዕቃ ትልቅ አካፋ አዘጋጀ፤ አንዴ ሲዛቅ ወደ 9 ኪሎ ተኩል እንዲሆን። ሰዓቱን ብቻ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ቴይለር ማሰቡን ለአለቃ፣ መሥራቱን ለሠራተኛ መለየቱን ግን እስካሁን አልቀበልም። የመቁረጫውን ቦታ ያየው አለቃ አይደለም።

ከሁሉም የምወዳት ሜሪ ፓርከር ፎሌት ናት። ስለ አመራር የጻፈች አሜሪካዊት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1933 ነው ያረፈችው። ትዕዛዝ ከሰው ሳይሆን ሥራው ካለበት ሁኔታ ይምጣ ትላለች። ግድግዳው ላይ ሰሌዳ ሰቀልን። ሥራው፣ የመረከቢያ ቀኑ፣ የተከፈለው ገንዘብ፣ የጎደለው ዕቃ። ወንድሜም ያንን ነው የሚያነበው። ድሮ «ለምን የኔን ደንበኛ አስቀደምክ?» እየተባባልን እራት ላይ እንኮራረፍ ነበር። አሁን ሰሌዳው ፊት ቆመን እንነጋገራለን።

ባለፈው ወር ብረት ልገዛ አዲስ አበባ ሄጄ 2 ቀን ቆየሁ። የመቁረጫ ዲስክ አልቆ ነበር። ልጅቷ ራሷ ገበያ ወጥታ ገዝታ፣ ደረሰኙን መዝገቡ ላይ አጣብቃ ጠበቀችኝ። የዚያ ሳምንት በር ቅዳሜ ጠዋት ተጭኖ ሄዷል።