አጋሚ ሳቢሳን ለማየት የፈጁብኝ አምስት ቀናት

አጋሚ ሳቢሳ ከሜክሲኮ ደቡብ አንሥቶ እስከ ቦሊቪያና ብራዚል ድረስ ባሉት ቆላማ ደኖች ውስጥ፣ ዛፍ ያጠላባቸውን ጅረቶችና ረግረጎች እየመረጠ የሚኖር የውኃ ወፍ ነው። ግሜሊን የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ ሳይንሳዊ ስም የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1789 ቢሆንም፣ ተደብቆ የሚኖር በመሆኑ ዛሬም ፈልገው ሳያዩት የሚመለሱ ብዙዎች ናቸው። እኔ በኮስታ ሪካ የካሪቢያን ዳርቻ፣ በቶርቱጌሮ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያየሁት በአምስተኛው ቀን ነው። የቀደሙት አራት ቀናት በከንቱ ያለፉት በራሴ አካሄድ ምክንያት ነበር።

በሞተር ጀልባ ሰፋፊዎቹን ቦዮች እየተከተልኩ፣ ፀሐይ ያረፈባቸውን ዳርቻዎች ስቃኝ ሰነበትኩ። ነብር ሳቢሳ የሚባለው ዘመዱ በግልጽ ቦታ ቆሞ ስለሚታይ፣ አጋሚም እንደዚያው የሚገኝ መስሎኝ ነበር። ከዚህ የባሰው ግን በሥዕል የማውቀውን ቀለም መፈለጌ ነው፤ ደረቱና ሆዱ ቀይ ቡናማ፣ ጀርባው አረንጓዴ፣ አንገቱ ላይ የተበተኑት ቀጫጭን ላባዎች ብርማ ናቸው፤ ጥላ ውስጥ ሲገባ ግን ቀይ ቡናማው የበሰበሰ ቅጠል፣ አረንጓዴውም ጥቁር ይመስላል።

በአራተኛው ቀን ማታ አንድ አዛውንት ታንኳ ቀዛፊ፣ «ወፉን አይፈልጉ፤ ከውኃው በላይ የማይነቃነቅ ቀጭን መስመር ይፈልጉ» አሉኝ።

በማግስቱ ሳይነጋ፣ ቅርንጫፎች ከላይ በተጋጠሙበት ጠባብ ቦይ ገባን። አዛውንቱ መቅዘፊያውን አንሥተው ታንኳዋን ለውኃው ተዉአት። ከወደቀ የዘንባባ ዝንጣፊ ሥር፣ ከውኃው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አየሁ፤ ዓይን እንዳለው ለመለየት ግን ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። መስመሩ ወደ 14 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋው ምንቃሩ ነበር። አጫጭር እግሮቹን አጥፎ፣ ከሰውነቱ ጋር የማይመጣጠን የሚመስለውን ረጅም አንገቱን ከውኃው ጋር ትይዩ ዘርግቶ ነበር የቆመው። ምንቃሩን እንደ ጦር ወርውሮ ትንሽ ዓሣ ያዘና ዋጠ፤ አንገቱን መልሶ ሲያጥፍ ብርማዎቹ ላባዎች በዚያች ቅጽበት ብቻ አበሩ። ከዚያም ሳይበር፣ በእግሩ ቀስ ብሎ ወደ ቁጥቋጦው ገባ። አልተከተልነውም፤ መከተል ማለት ከምግቡ ማባረር ነውና።

ለመሄድ ተመኝቼ የተውኩት ሌላ ቦታም አለ። በፈረንሳይ ጊያና፣ በካው ረግረግ፣ ወደ 2,000 የሚጠጉ ጥንዶች በዝናብ ወራት ተሰብስበው ጎጆ ይሠራሉ፤ ከሚታወቁት የአጋሚ መራቢያዎች ሁሉ ትልቁ ነው። በመጣመሪያ ሰሞን ከምንቃሩ ሥር እስከ ዓይኑ ያለው ቆዳ ደማቅ ቀይ ይሆናል፤ ይህንን በዓይኔ ለማየት እጅግ እጓጓለሁ። ነገር ግን ወላጆቹ ደንግጠው ከተነሡ እንቁላሉና ጫጩቱ ለአዳኝ ይጋለጣሉ፤ ስለዚህ የእኔ ጉጉት ለዚያ ምክንያት ሊሆን አይገባም ብዬ ወሰንኩ።

ወደ ቶርቱጌሮ ብመለስ ሞተር ጀልባ አልከራይም፤ ካሜራዬንም ያለ ብልጭታ መብራት እይዛለሁ። ቦይ እየቀያየርኩ ከመዞር ይልቅም ያችኑ አንዲት ጠባብ ቦይ በየማለዳው በዝምታ እመላለስባታለሁ።