40 ጊዜ ልክ

ዛሬ ከታናሽ እህቴ ጋር ወረቀት ይዘን ተቀመጥን። «ከ41 ጀምሪ። 2 ደምሪ፣ ቀጥሎ 4፣ ቀጥሎ 6፣ እንዲያ እያልሽ ሂጂ» አልኳት።

41፣ 43፣ 47፣ 53፣ 61፣ 71... ሁሉም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍላቸው የለም። ሃያኛው ላይ እርሳሷን አስቀመጠች። «በቃ፣ ሁሌም ይሠራል!»

«ቀጥዪ።»

40ኛው 1601 ሆነ። እሱም ብቸኛ። 41ኛው 1681። በ3 ሞከረች፣ በ7፣ በ13። ብዙ ቆይታ፣ ቀስ ብላ፦ «41 ጊዜ 41!»

ቀመሩን ጻፍኩላት። ተራ ቁጥሩን በራሱ አባዢ፣ ተራ ቁጥሩን ቀንሺ፣ 41 ጨምሪ። 41ኛው ላይ የሚቀነሰውና የሚጨመረው እኩል ሆነው ይጠፋፋሉ፤ 41 በ41 ብቻውን ይቀራል። መሰናክሉ ከመጀመሪያው ቀመሩ ውስጥ ተቀምጦ ነበር! ስንት ጊዜ ባየውም ይገርመኛል።

የሂሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር ይህን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1772 ነው። እንዲህ ያለ ባለ አንድ ተለዋዋጭ ፖሊኖሚያል (በማባዛት፣ በመደመርና በመቀነስ ብቻ የሚሠራ ቀመር) ያለማቋረጥ ብቸኛ ቁጥር ብቻ ሊሰጥ እንደማይችልም ተረጋግጧል።

«40 ጊዜ ልክ ሆኖ?» አለችኝ፣ ቅር ብሏት።

አሁን ከ17 ጀምራ እየደመረች ነው። 17ኛው ላይ ምን እንደሚጠብቃት አልነገርኳትም።