ትልቁ ቲ እና ትንሹ ቲ፦ የአራተኛ ወር የፓይተን ማስታወሻ

ሰኞ ማታ በምማረው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ፣ በፓይተን፣ ቁጥሮችን የሚደምር አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። «ቶታል» የሚለውን ስም በላቲን ፊደል፣ በትንሹ ቲ ጀምሬ ዜሮ ሰጠሁት። ከዚያ በየዙሩ አዲሱን ቁጥር እንዲደምርበት አዘዝኩ። መልሱ ዜሮ ሆነ። ቁጥሮቹን ቀየርኩ፤ አሁንም ዜሮ። ስህተት የሚል ቀይ ጽሑፍ እንኳ የለም።

ሁለት ሰዓት ከፈጀሁ በኋላ ጥፋተኛው ተገኘ። የምጽፈው በስልክ ነው፤ ኪቦርዱ ደግሞ የመስመሩን የመጀመሪያ ፊደል ሳይጠየቅ ትልቅ ያደርጋል። ከእኩል ምልክቱ በስተግራ ትልቁ ቲ፣ በስተቀኝ ትንሹ ቲ ተቀምጠዋል። ለፓይተን እነዚህ ሁለት የማይተዋወቁ ስሞች ናቸው። ከትንሹ ዜሮውን ወስዶ ይደምራል፣ ውጤቱን ለትልቁ ይሰጣል፣ በሚቀጥለው ዙር እንደገና ከዜሮ ይነሳል። በመጨረሻ እንዲያሳየኝ የጠየቅኩት ደግሞ ትንሹን ነው!

ዋጋ ያልተሰጠው ስም ብጠራ ኖሮ ይጮህብኝ ነበር፤ ከ3.10 እትም ወዲህ ያለው ፓይተን እንዲያውም ተቀራራቢውን ስም ይጠቁማል። ለአዲስ ስም ዋጋ መስጠት ግን ጥፋት ስላልሆነ ዝም አለ። እኔ ጯሂ ስህተት ይሻለኛል።

ለኮምፒውተር ፊደል ቁጥር ነው። ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው በአስኪ ሰንጠረዥ ትልቁ ቲ 84፣ ትንሹ 116 ነው። ሲ፣ ጃቫ እና ጃቫስክሪፕት የተባሉት የፕሮግራም ቋንቋዎች ይለዩአቸዋል፤ ፓስካልና ቪዥዋል ቤዚክ አይለዩም። ያናደደኝ ፒኤችፒ ነው፦ የተለዋዋጭን (ዋጋ የሚይዘውን) ስም ይለያል፣ የፈንክሽንን (በስሙ የሚጠራ የትእዛዞች ስብስብ) አይለይም። ወይ ይለይ ወይ ይተወው።

የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ስሞቹን በአማርኛ ብጽፍስ አልኩ። ፓይተን 3 ያለ ማንገራገር ተቀበለ። አንዱን ተለዋዋጭ «ሥራ» ብዬ ሰየምኩት፤ ከአሥር መስመር በኋላ እጄ እንደ ልማዱ «ስራ» ብሎ ጻፈ። የለም የሚል መልስ መጣ። የዓለምን ፊደላት በቁጥር በሚመዘግበው በዩኒኮድ ሥ 4645፣ ስ 4661 ነው። ከትልቁ ቲ ሸሽቼ ንጉሡ ሠ እጅ ወደቅኩ። ሀ፣ ሐ እና ኀን ገና አልነካኋቸውም።

የጎ ቋንቋን የምትማሩ ካላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። እዚያ ከፓኬጁ (አብረው ከተቀመጡት የኮድ ፋይሎች) ውጭ የሚታይ ስም በትልቅ ፊደል መጀመር አለበት። የግዕዝ ፊደል ትልቅ ስለሌለው በእርሱ የሚጀምር ስም ከፓኬጁ አይወጣም፤ ከፊቱ ትልቅ የላቲን ፊደል ካልተለጠፈለት በቀር።

ለጊዜው ስሞቼን በሙሉ በትንሽ የላቲን ፊደል እጽፋለሁ፤ የኪቦርዱንም ልማድ አጥፍቻለሁ። በእንግሊዝኛ የምልካቸው መልእክቶች ሁሉ አሁን በትንሽ ፊደል ይጀምራሉ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። የሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት ፋይል ማንበብ ነው። ዊንዶውስ ላይ በየትኛውም ፊደል ቢጠራ የሚከፈተው ፋይል ሊኑክስ ላይ «የለም» እንደሚባል ከአሁኑ አስጠንቅቀውኛል።