የጎረቤታችን ዕጩነት

እዚህ ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ አጥር የምንጋራቸው የወረዳ ፍርድ ቤት ዳኛ ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኝነት መታጨታቸውን የሰማን ዕለት እናቴ ቡና አፍልታ ጠራቻቸው፤ እሳቸው ግን «ምክር ቤቱ ሳያጸድቀው እንኳን ደስ ያለዎት አይባልም» ብለው ምርቃቱን አስቆሙት።

ብዙ ሰው ሹመቱ በአንድ ባለሥልጣን ደብዳቤ የሚያልቅ ይመስለዋል። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 81 መሠረት ግን የክልሉ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ዕጩዎቹን ከማቅረቡ በፊት የፌዴራሉን ጉባኤ አስተያየት መጠየቅ ይኖርበታል፤ አስተያየቱ በ3 ወር ውስጥ ካልደረሰ የክልሉ ምክር ቤት፣ ለእኛ ባሕር ዳር ያለው ማለት ነው፣ ሹመቱን ማጽደቅ ይችላል። ጥበቃው ቢያሰለችም፣ በእኔ አስተያየት ከጥድፊያ ሹመት ይሻላል።

ወንበሩም ቀላል አይደለም፤ የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከራሱ ሥልጣን በተጨማሪ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርቦ ይሠራል።

ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ አንድ ዘመዳችን የድንበር ክርክሩን ሊያጫውታቸው ጀመረ። ጋሼ ስኒያቸውን ሳይጨርሱ ረከቦቱ ላይ መለሱና «እሱን ችሎት ላይ» ብለው ተነሡ።