ያለ ማርሽ፣ ያለ ማረፊያ፦ የመጀመሪያ ፊክስድ ብስክሌቴን እንዴት መረጥኩ

ሥራዬ ዋሽንግተን ዲሲ መሀል ከተማ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ነው። የማታ ፈረቃ ሲደርሰኝ የምወጣው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሜትሮ የሚባለው የከተማው ባቡር ደግሞ በሥራ ቀናት እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጋ ነበር። በግማሽ ሰዓት እየተላለፍን ከረምን። ቤቴ ፔትወርዝ ነው፣ ከሥራ ቦታዬ 5 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ለዚያች 5 ኪሎ ሜትር በየሌሊቱ ኡበር እጠራለሁ። በፈረንጆቹ 2022 መስከረም ላይ የወሩን ሒሳብ ቁጭ ብዬ ደመርኩት። ከ250 ዶላር በላይ ሆነ። ብስክሌት ልግዛ ያልኩት ያን ቀን ነው።

ለምን ፊክስድ? ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ሳይክል የለመድኩት በሰዓት እየተከራየሁ ነው። ማርሽ የሚባል ነገር የላቸውም፣ ዝም ብለህ ትረግጣለህ። ስለዚህ ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት ለእኔ ብርቅ አልነበረም። ፊክስድ ግን ከእሱም ትለያለች። ካቴናው የሚያርፍበት የኋላው ጥርስ ከጎማው ጋር ተጣብቆ ነው የሚዞረው። ጎማው ከዞረ ፔዳሉ ይዞራል፣ ፔዳሉ ከቆመ ጎማውም ይቆማል። ቁልቁለት ላይ እግርን ሰቅሎ መንሸራተት የለም። ማቆም ስትፈልግ ፔዳሉን በእግርህ ወደ ኋላ ትቃወመዋለህ።

ሁለት ነገር ሳበኝ። አንደኛ፣ የሚበላሽ ነገር የላትም ማለት ይቻላል። የማርሽ ሽቦ የለ፣ የማርሽ መቀየሪያ የለ። ሁለተኛ፣ እግሬን ማጠንከር እፈልግ ነበር። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ በውድድር ብስክሌት ይለማመዳል። ክረምቱን በፊክስድ ያሳለፈ ሰው በፀደይ እግሩ ሌላ ነው ብሎኝ ነበር። ሥራ መመላለሻዬም ልምምዴም በአንድ ብስክሌት ሊሆን ነው።

የመጀመሪያዋን በ180 ዶላር ገዛኋት። አሮጌ የውድድር ብስክሌት ነበረች። ሻጩ ማርሿን አውጥቶ፣ ፍሬኗን ነቅሎ፣ ሰማያዊ ቀብቶ ወደ ፊክስድ ቀይሯታል። በጣም ታምራለች። ቁመቴ 1 ሜትር ከ70 ነው፣ ተላዮዋ፣ ማለትም የብረት አጽሟ፣ ደግሞ 58 ሴንቲ ሜትር ነው። ያኔ ቁጥሩ ምንም አልነገረኝም። ኮርቻው ላይ ሆኜ ማኑብሪዮውን ለመያዝ እንደምንጠራራ እያወቅኩ «ይለመዳል» ብዬ ከፈልኩ። አልተለመደም። በሳምንቱ ትከሻዬን ያመኝ ጀመር።

ፎቁ ሥር የሚኖር አንድ ጎረቤት አለኝ። አስመራ ያደጉ፣ እዚህ ለብዙ ዓመት ታክሲ የነዱ ሰውዬ ናቸው። ልጅ ሆነው ብስክሌት ጋራዥ ውስጥ ሠርተዋል። ብስክሌቷን ደረጃው ላይ ሳወርድ አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ፍሬኗ የታል?»

«ጋሼ፣ ይቺ በእግር ነው የምትቆመው።»

«እግርህ ሲከዳህስ?»

መልስ አልነበረኝም። በእርግጥ የዲሲ ደንብ ፊክስድ ብስክሌት ላይ የተለየ ፍሬን ግዴታ አያደርግም፣ ነጂው በፔዳሉ ማቆም ከቻለ ይበቃል። ይህን ስነግራቸው «ደንቡ ከአንተ ጋር ቁልቁለት አይወርድም» አሉኝ። በ25 ዶላር የፊት ፍሬን ገዛሁ። እሳቸው ራሳቸው ናቸው የገጠሙልኝ።

ፍሬኑ በተገጠመ በአራተኛው ቀን ነው የተፈጠረው። ከፔትወርዝ ወደ መሀል ከተማ ስትወርድ ማልኮም ኤክስ ፓርክ ጎን ኃይለኛ ቁልቁለት አለ። በ15ኛው ጎዳናም ውረድ በ16ኛው አያመልጥህም። ቁልቁለቱ መሀል ላይ ፍጥነቴን ለመቀነስ ፔዳሉን ወደ ኋላ ተጫንኩት። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ፔዳሉ ባዶ ሆነ። እግሬ ወደ ኋላ ዞረ፣ ጎማው ግን ወደ ፊት መብረሩን ቀጠለ። እጄ የፊቱን ፍሬን እንዴት እንዳገኘው አላውቅም። ቁልቁለቱ የሚያልቅበት መብራት ጋ፣ ቀዩ ላይ፣ የእግረኛው ነጭ መስመር ላይ ቆምኩ። አንድ እናት የልጅ ጋሪ እየገፋች ከፊቴ አለፈች። ለደቂቃዎች መንቀሳቀስ አቃተኝ።

ማታ ጋሼ የኋላውን ጎማ አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አስተኙት። ችግሩን በጣታቸው አሳዩኝ። በትክክለኛ የፊክስድ ሐብ (የጎማው መሀል ያለው ክፍል) ላይ ሁለት ዓይነት ፊሌቶ አለ፣ ማለትም ብሎን የሚታሰርበት ጠመዝማዛ። ትልቁ ላይ ጥርሱ ወደ ቀኝ ይጠብቃል። ከሱ ውጭ ያለው አነስ ያለ ጠመዝማዛ ላይ ደግሞ ሎክሪንግ የሚባለው ቀለበት ወደ ግራ ይጠብቃል። ወደ ኋላ ስትረግጥ ጥርሱ ሊፈታ ይሞክራል፣ ቀለበቱ ግን በተቃራኒው ስለታሰረ ይበልጥ ይጠብቅና ያስቀረዋል። የእኔዋ ሐብ የተራ ብስክሌት ነበር። ሻጩ ጥርሱን በማጣበቂያና በተራ ቀለበት ነው ያሰረው። ቀለበቱና ጥርሱ አብረው ተፈቱ። ያገለገለ ፊክስድ የምትገዙ ሰዎች፣ ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይቺን ያዙልኝ። የኋላው ሐብ ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ፊሌቶና ወደ ግራ የሚጠብቅ ሎክሪንግ ከሌለ፣ በነፃም ቢሰጧችሁ አትንዷት።

ያን ምሽት ሌላም ነገር አየሁ። የኋላው ጎማ አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ መዳፍ በምታህል ስፋት፣ ጨርቁ እስኪታይ ተበልቷል። ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ጎማው መጥፎ ነው ብዬ ነበር። ምክንያቱ ግን ሒሳብ ነው። የፊቱ 48 ጥርስ ነበር፣ የኋላው 16። 48 ለ16 ሲካፈል ልክ 3 ነው። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው ሳይጎድል ሳይተርፍ ሦስት ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ ቀኝ እግሬን አስቀድሜ ጎማውን ቆልፌ ባንሸራተትኩ ቁጥር፣ አስፋልቱን የሚነካው ያው አንድ ቦታ ነው። የኋላው ጥርስ 17 ቢሆን መንሸራተቱ ለ17 ቦታ ይከፋፈላል። የአንዲት ጥርስ ልዩነት ናት። ጎማ ደግሞ በየሦስት ሳምንቱ አይገዛም።

ጉልበቴም ተናግሮ ነበር፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁት። በ48 ለ16 ያን ዳገት ሌሊት ከሥራ ደክሞኝ ስወጣ ቆሜ ነው የምረግጠው። ጉልበቴ ሥር የሚወጋ ሕመም ጀመረኝ። ከባድ ጥርስ ጎበዝ ያደርጋል የሚባለውን አምኜ ነበር። ሜዳ ላይ ለሚወዳደር ሰው ይሆናል። በየቀኑ ዳገት ወጥቶ ቁልቁለት ለሚወርድ ጀማሪ ግን ጉልበት መጨረስ ነው። ከባድ ጥርስ ለማቆምም ከባድ ነው፣ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ሰማያዊዋን ፈታሁና ተላዮዋን ብቻ በ70 ዶላር ሸጥኳት፣ ለረጅም ሰው። የኋላ ጎማዋን ለማንም አልሰጠሁም።

ሁለተኛዋን ለመግዛት ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ። ያኔ በ300 እና በ400 ዶላር መሀል አዲስ ፊክስድ ኢንተርኔት ላይ ሞልቶ ነበር። አብዛኞቹ ከተራ ብረት የተሠሩ ናቸው፣ ከበድ ይላሉ። ለሥራ መመላለሻ ብቻ ከሆነ አይከፋም። እኔ ግን ልምምድም ስለምፈልግና ሦስተኛ ፎቅ ተሸክሜያት ስለምወጣ፣ ክሮምና ሞሊብዲነም ያለበትን 4130 የሚባለውን ብረት ፈለግኩ። አዲሱ ከበጀቴ በላይ ነበር። ስለዚህ ያገለገለ ፍለጋ ገባሁ። በመጨረሻ የአሪዞናው ስቴት ባይስክል የሚሠራትን 4130 አገኘሁ። ተላዮዋ 52 ነው፣ ቀለሟ ጥቁር። 280 ዶላር ነው የተባልኩት።

ጋሼ አብረውኝ ካልሄድኩ አሉ። የሻጩ ግቢ ውስጥ ብስክሌቷን ገልብጠው በኮርቻዋና በማኑብሪዮዋ አቆሟት። መጀመሪያ ጎማውን አሽከርክረው ከፍሬኑ ጎማ ጋር ያለውን ክፍተት ተመለከቱ፣ ወላገድ የሚል መሆኑን ለማየት። ከዚያ የጎማውን ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ራጂዎቹን፣ አንድ በአንድ በጥፍራቸው እየመቱ አዳመጡ፣ ልክ ክራር እንደሚቃኝ ሰው። ሁለቱ ላላ ያለ ድምፅ ሰጡ። በጣታቸው ምልክት አድርገው አለፉ። ጥርሱን በእጃቸው ይዘው ጎማውን ግራ ቀኝ ወዘወዙ። ሎክሪንጉን በስልካቸው መብራት አዩት። ካቴናውን መሀሉ ላይ ወደ ላይ ወደ ታች ገፋ ገፋ አደረጉ። አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው የተንቀሳቀሰው። «ደህና ነው» አሉ በቀስታ። ከዚያ በላይ ከላላ ካቴናው ሊወጣ ይችላል። ፊክስድ ላይ ካቴና ወጣ ማለት ደግሞ የእግር ፍሬንህ ሄደ፣ አንዳንዴም የኋላው ጎማ ተቆለፈ ማለት ነው። በጣም ከተወጠረም ሐቡን ይበላዋል።

ሻጩ ለላሉት ራጂዎች 40 ዶላር ቀነሰልን። በ240 ያዝኳት።

እኔ ያየሁት ሌላ ነገር ነበር። የፊት ሹካዋ ለፍሬን ተበስቷል። ፍሬኗም አብሮ አለ። የፔዳል ክንዷ 165 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ፊክስድ ግን ስትታጠፍም ፔዳሏ አይቆምም፣ ክንዱ ረጅም ከሆነ ጎንበስ ስትል አስፋልቱን ይመታል። ሰማያዊዋ ሁለት ጊዜ እንዲህ አድርጋ አንገጫግጫኛለች። የኋላዋ ሐብ ደግሞ ሁለት ፊት አለው፣ በአንዱ ጎን ፊክስድ፣ በሌላው ፍሪዊል፣ ማለትም ፔዳሉ ቆሞም ጎማው የሚዞርበት ጥርስ። ጎማውን ገልብጠህ ስታስገባ ተራ ብስክሌት ትሆናለች። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም። የመጀመሪያውን ሳምንት በፍሪዊሉ ነድቼ ከተላዮዋ ጋር ተዋወቅኩ፣ ከዚያ ገለበጥኩት።

በ46 ለ16 ነበር የመጣችው። የኋላውን በ17 ቀየርኩት። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር 5 ሜትር ከ80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትሄዳለች። በደቂቃ 90 ጊዜ ከረገጥኩ በሰዓት 31 ኪሎ ሜትር ነው። ለከተማ ይበቃል፣ ይተርፋል። ዳገቱንም አሁን ቁጭ ብዬ ነው የምወጣው። ጉልበቴ በሁለተኛው ወር ዝም አለ።

ጥርሱ፣ አዲስ ካቴና፣ ሁለት ጎማ፣ የእግር ማሰሪያና አንድ ጠንካራ ቁልፍ ተጨምረው በአጠቃላይ 400 ዶላር ሞላች። ከዚህ ውስጥ 60ው የቁልፉ ነው። ለቁልፍ አትሰስቱ። የእግር ማሰሪያውም ጌጥ አይደለም። እግርህ ከሚዞር ፔዳል ላይ ካመለጠ መልሶ ማስገባት ከባድ ነው፣ ማቆሚያህም አብሮ ሄደ። ኪስ ውስጥ ደግሞ ባለ 15 ሚሊ ሜትር የዳዶ መፍቻ መኖር አለበት፣ የጎማው ዳዶ ያለሱ አይፈታም። ይህን ያወቅኩት ሌሊት፣ ጆርጂያ ጎዳና ላይ ጎማዬ ፈንድቶ ከመነዳሪ በእጄ ይዤ ዳዶውን መፍታት ሲያቅተኝ ነው። የጫማ ክርም ወደ ውስጥ ይግባ። ካቴናው ከያዘው ፔዳሉ አይቆምልህም።

እና ጣት። ካቴና ስታጸዱ ጎማውን እያሽከረከራችሁ ጨርቅ አታስጠጉ። ፊክስድ ላይ የሚዞር ጎማ ካቴናውን ይዞ ይሄዳል፣ ጨርቁን ከያዘ ጣትንም ይዞ ነው የሚሄደው። ጣታቸው የተቆረጠ ሰዎች አሉ። ጎማው ቆሞ፣ ካቴናው በእጅ ትንሽ ትንሽ እየተሳበ ነው የሚጸዳው።

ልምምዴን የማደርገው ሄንስ ፖይንት ነው። ፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ ሜዳ፣ አንድ ዙሩ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ። እዚያ ዳገት የለም፣ ንፋስ ግን አለ። ፊክስድ ላይ ንፋስ እንደ ማርሽ ነው። ከፊት ሲመጣ እግርህ ከብዶ በዝግታ ይረግጣል። ጫፉን ዞረህ ከኋላ ሲገፋህ ደግሞ እግርህ ሳትፈልግ በደቂቃ 110 ዙር ይደርሳል፣ ማረፍ የለም። መጀመሪያ ላይ ኮርቻው ላይ እዘል ነበር። እግሬ ክብ እየሠራ መዞር እስኪለምድ ሁለት ወር ፈጀ። በሦስት ዙር ጀመርኩ፣ አሁን ስምንት እዞራለሁ። ሁዳዴ ሲገባ ወደ አራት አወርደዋለሁ፣ በማለዳ ጨርሼ እስከ 9 ሰዓት ስለምጾም።

ባለፈው ግንቦት፣ አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጋሼ ብስክሌቷን ትክ ብለው አዩዋት። ምንም አላሉም። መፍቻዬን አወጣሁና ዳዶዎቹን ፈትቼ ጎማውን ወደ ፍሪዊሉ ገለበጥኩት። ኮርቻውንም ዝቅ አደረግኩላቸው። ነጠላቸውን አጣጥፈው ለእኔ ሰጡኝ። ከቤታችን ኋላ ያለውን መንገድ እስከ ጫፍ ሄዱ። ሲመለሱ እግራቸውን ሰቅለው፣ ፔዳሉ ቆሞ፣ ጎማዋ ብቻ ጭጭጭ እያለ እየተንሸራተቱ መጡ። ከአስመራ ከወጡ ወዲህ ሳይክል ላይ ሲወጡ የመጀመሪያቸው እንደሆነ የነገሩኝ ከወረዱ በኋላ ነው።

ዳዶዎቹን በእጃቸው ነካ ነካ አድርገው ፈተሹ። «በል መልሳት» አሉኝ። ሰኞ የማታ ፈረቃ ነበረኝ፣ ጎማውን ወደ ፊክስዱ ገለበጥኩት።