ልጅቷ የት ነው የምታድረው?

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሰው ታክስ ፋይል መሥራት በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ በፈረንጆቹ የካቲት 2024። አንድ የፓርኪንግ ሠራተኛ መጣ። "እህቴ፣ ዘንድሮ ልጄን ታክስ ላይ የማስገባው እኔ ነኝ" አለና የፍቺውን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። ማኅተም አለው፣ የዳኛ ፊርማ አለው። አንድ ዓመት እናት፣ አንድ ዓመት አባት ይላል። የ2023 ተራው የአባት ነው።

ከዚህ በላይ ምን ልጠይቅ? ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ (ልጅ ይዞ ብቻውን ቤት የሚያስተዳድር) አድርጌ ሠራሁለት። ሪፈንዱ፣ ማለትም የታክስ ተመላሹ፣ ከ5 ሺህ ዶላር በላይ መጣ። ቁጥሩን ስነግረው እዚያው ቁጭ እንዳለ ለወንድሙ ደወለ። (ምነው አፌን በያዝኩት!)

በማግስቱ ኢ-ፋይሉ (በኢንተርኔት የላክነው ፋይል) ተቀባይነት አጥቶ ተመለሰ። የልጅቷ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ሌላ ሰው ፋይል ላይ ገብቷል ይላል። ያ ሌላ ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም።

"ፍርድ ቤት የፈቀደልኝን እሷ ማን ሆና ነው?" ብሎ ጦፈ። እኔም አብሬው ጦፌ፣ ፋይሉን በፖስታ ልልክለት ማተም ጀመርኩ። ይህን ሥራ 20 ዓመት የሠሩት ጋሼ ከኋላዬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጅቷ የት ነው የምታድረው?" አሉት።

"እናቷ ጋ። አርብና ቅዳሜ እኔ ጋ።"

አለቀ። አይአርኤስ (የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት) የሚቆጥረው ሌሊት ነው። ከ2008 ወዲህ የወጣ የፍቺ ውሳኔ ብቻውን አይበቃም፤ ልጁ ብዙውን ሌሊት የሚያድርበት ወላጅ ልጁን ለሌላው ወላጅ የሚለቅበት ፎርም 8332 ላይ መፈረም አለበት። እናትየው ብትፈርምለት እንኳ ለእሱ የሚተላለፈው የልጅ ክሬዲቱ (ለልጅ የሚሰጠው የታክስ ቅናሽ) ነው፣ ለ2023 ቢበዛ 2,000 ዶላር ነበር። ሄድ ኦፍ ሃውስሆልዱም ሆነ ኧርንድ ኢንካም ክሬዲቱ (ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሠራተኛ የሚሰጠው) በዚህች ልጅ በኩል ለእሱ አይሆኑም።

"ትናንት 5 ሺህ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?" አለኝ። ምን እላለሁ? ልጅቷ ከእሱ ጋር መኖሯን ጠይቄ አረጋግጫለሁ ብዬ ፎርም 8867ን የሞላሁት እኔው ነኝ። ሳልጠይቅ። ፊቴ ሲግል ይሰማኛል።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ 8332ቱን ይዞ መጣ። እናትየው የራሷን ፋይል አሻሽላ፣ ወረቀቱን በልጅቷ ቦርሳ ልካለት ኖሯል፤ ሒሳብ ደብተር ውስጥ ታጥፎ። ለ2023 ፈርማለች። ለሚቀጥሉት ዓመታት የሚፈረምበትን ክፍል ባዶውን ትታዋለች።