አልኮል ማርከር በድሬዳዋ ሙቀት፦ ሳይደርቅ ማዋሃድ

አልኮል ማርከር ውስጥ ያለው ቀለም በአልኮል የተሟሟ ነው። ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ አልኮሉ ተንኖ ይሄዳል፣ ቀለሙ ይቀራል። ሁለት ቀለማት ተዋህደው ድንበራቸው የሚጠፋው ሁለቱም እርጥብ ሳሉ ነው፤ አንዱ ከደረቀ በኋላ ሌላው ሲመጣበት መሃል ላይ ጠቆር ያለ መስመር ይቀራል። ቀዝቀዝ ባለ አገር በተቀረጹ ቪዲዮዎች ላይ ባለሙያዋ ትልቅ ቅጠል ከዳር እስከ ዳር ሸፍና፣ ሁለተኛውን ማርከር ተረጋግታ መርጣ ስትመለስ የመጀመሪያው ገና አልደረቀም። ድሬዳዋ በግንቦትና በሰኔ ቀን ላይ 35 ዲግሪ አካባቢ ስትሆን ግን ቅጠሉ ሳይጋመስ የተጀመረበት ጫፍ ደርቆ ይጠብቃል። ሐሳብ ለማሳረፍ የተያዘ ሥዕል ዥንጉርጉር ሲሆን ማሳረፉ ቀርቶ ያበሳጫል። ስለዚህ እኔ ሥራውን በሙሉ ያደራጀሁት ለሁለት ነገር ነው፦ ቀለሙ እርጥብ የሚሆንባቸውን ሴኮንዶች ለማብዛት፣ በእነዚያ ሴኮንዶች ውስጥ የሚያልቅ ቦታ ብቻ ለመጀመር።

ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ሰዓቱ ነው። ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ወይም ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ እሠራለሁ። ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት፣ ከተማው ራሱ ሱቁን ዘግቶ በሚያርፍበት ጊዜ፣ ማርከር አልከፍትም፤ በዚያ ሰዓት ንድፍ አወጣለሁ ወይም ቀለም እመርጣለሁ። ቬንትሌተር ደግሞ ከሙቀቱ የባሰ ያደርቃል፤ ነፋሱ በወረቀቱ ላይ ካለፈ ቀለሙ ከጫፉ ሳይወርድ የደረቀ ያህል ነው። አላጠፋውም፤ ወደ እግሬ ወይም ወደ ግድግዳው አዞረዋለሁ። መስኮቱ ግን ክፍት መሆን አለበት፤ ሽታው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ራስ ያሳምማል። አልኮሉ ተቀጣጣይ ስለሆነም ቡና በሚፈላበት ከሰል ወይም እጣን በሚጨስበት ማጨሻ አጠገብ ማርከር አይከፈትም።

ቀጥሎ ወረቀት። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው የተለመደው 80 ግራም ኤ4 ቀለሙን ጠጥቶ ወደ ጀርባው ያዘልቀዋል፤ ዳር ዳሩንም ከመስመር ውጭ ይሰዳል። ወፍራምና ልስልስ የሆነ፣ ከ200 እስከ 250 ግራም ያለው ነጭ ወረቀት ጥሩ ነው። ለማርከር ተብሎ የሚሠራው ልዩ ወረቀት 70 ግራም አካባቢ ሆኖም ቀለም አያሳልፍም፤ ጀርባው ቀለም እንዳያሳልፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። ለውሃ ቀለም የሚሸጠውን ሸካራ ወረቀት አልመክርም፤ ቀለም ይጨርሳል፣ የማርከሩንም የብሩሽ ጫፍ ይበላዋል። የማይታወቅ ወረቀት ሲገጥመኝ የማርከሩን ጫፍ አንድ ቦታ ላይ አምስት ሴኮንድ አሳርፌ አነሳለሁ። ነጥቡ ክብ ሆኖ ከተቀመጠ ወረቀቱ ይሠራል፤ ዳሩ እንደ ሥር ከተበታተነ መስመር አይጠብቅም።

ንድፉን ፎቶ ኮፒ ቤት ማሳተም የሚፈልግ የራሱን ወፍራም ወረቀት ይዞ ይሂድ፤ አብዛኞቹ ማሽኖች በጎን ባለው የእጅ ማስገቢያ ይቀበሉታል። ቶነር፣ ማለትም የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጥቁር የዱቄት ቀለም፣ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኮፒክ የተባለው የጃፓን ማርከር በ1987 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የፎቶ ኮፒ ቶነርን እንዳያሟሟ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ሌሎቹ ሁሉ እንደዚያ አይደሉም። አንዳንዶቹ ጥቁሩን መስመር አሟሙተው ቢጫው ውስጥ ይጎትቱታል፤ ቀላል ቀለም ያለው ማርከር አንዴ ቶነር ከነካ ጫፉ ግራጫ ይሆናል። ስለዚህ ከማንኛውም ሥራ በፊት ከወረቀቱ ጥግ አንዲት መስመር ላይ ማርከሩን አለፍ አድርጎ ማየት ይሻላል። በእጅ ለሚሥል እስክሪቢቶ አይሆንም፣ በአልኮል ይሟሟል። ውሃ የማይለቅቀው በፒግመንት (በማይሟሟ ደቃቅ ቀለም) የሚሠራው ቀጭን የመስመር ብዕር፣ ላይነር፣ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይድረቅ።

የቀለም ብዛት ላይ ሰው ገንዘቡን ያባክናል። ኮፒክ ብቻውን 358 ቀለማት አሉት፤ ለአንድ ሥዕል የሚያስፈልገው ግን ከአምስት ወይም ስድስት አይበልጥም። 24 ወይም 36 ያለው ስብስብ፣ በአንዱ ጫፍ ጠፍጣፋ በሌላው ብሩሽ የሆነው፣ ለብዙ ጊዜ ይበቃል። ዋናው ነገር ከእያንዳንዱ ቤተሰብ ቀላል፣ መካከለኛና ጠቆር ያለ ሦስት ማግኘት ነው። የኮፒክ ቁጥር ይህን ያሳያል፦ ፊደሉ የቀለሙን ቤተሰብ፣ የመጀመሪያው አሃዝ የቀለሙን ጥራት፣ የመጨረሻው አሃዝ ምን ያህል ቀላል ወይም ጠቆር ያለ መሆኑን ይነግራል፤ የመጨረሻው ሲበልጥ ቀለሙ ይጠቁራል። ፊደሉና የመጀመሪያው አሃዝ አንድ ሆነው የመጨረሻው በሁለት ወይም በሦስት ሲለያይ በቀላሉ ይዋሃዳሉ፤ ከቢጫው ቤተሰብ ዋይ21፣ ዋይ23 እና ዋይ26 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ሌሎች ማርከሮች የየራሳቸው ቁጥር ስላላቸው ይህ ሕግ አይሠራባቸውም። ክዳን ላይ ያለው ቀለምም አይታመንም። በምሠራበት ወረቀት ላይ የእያንዳንዱን ማርከር ናሙና በአንድ ንብርና በሁለት ንብር ቀብቼ ቁጥሩን እጽፍበታለሁ። እርጥብ ሳለ ጠቆር ብሎ ስለሚታይ የምመርጠው ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ነው።

የሥዕሉ ምርጫ ለዚህ አየር ግማሹን ሥራ ይሠራል። ሰፊ ሰማይ፣ ሰፊ ባሕር፣ አንድ ወጥ ጀርባ ያለው ገጽ ለድሬዳዋ አይመችም። በትናንሽ ቁርጥራጭ የተከፋፈለ ነገር ግን ለእኛ የተሠራ ይመስላል፤ ለዚህ ደግሞ ሐረር ቅርባችን ናት። የጀጎል ግንብ በድንጋይ በድንጋይ ይቀባል፤ አንዱ ድንጋይ ሞቅ ካለው የኮፒክ ግራጫ በደብሊው1 ተሸፍኖ፣ ታችኛው ጎኑ በደብሊው3 ተነክቶ፣ ሌላው ሳይጀመር ያልቃል። የሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ የሚደረደሩት የሣር ስፌቶችም እንዲሁ በዙር በዙር የተከፋፈሉ ናቸው።

አንድ ስፌት ስቀባ እንዲህ ነው። ከመሃሉ ጀምሬ ሁለት ሳንቲሜትር የሚሆን የዙር ቁራጭ በዋይ21 እሸፍናለሁ፤ ብሩሹ የስፌቱን ዙር ተከትሎ ይሄዳል እንጂ አያቋርጠውም። ሳይደርቅ ዋይ23ን ከሁለቱ ጫፎች ወደ መሃል አስገባለሁ፣ ዋይ26ን ደግሞ አንዱ ዙር ከሌላው ስር በሚገባበት ጠርዝ ላይ ብቻ። ከዚያ ወዲያው ወደ ዋይ21 ተመልሼ መገናኛቸውን በትናንሽ ክብ እንቅስቃሴ አሻለሁ። ይህ መመለስ ነው የሚያዋህደው፤ ቀላሉ ማርከር አዲስ አልኮል ያመጣል፣ ጠቆር ያለውን ይፈታዋል፣ ድንበሩም ይጠፋል። ሦስቱንም ክዳናቸውን ከፍቼ በግራ እጄ ጣቶች መሃል እይዛቸዋለሁ፤ ክዳን ለመክፈት የሚጠፋው ጊዜ እዚህ ዋጋ አለው። ከጨረስኩ በኋላ ግን ወዲያው በደንብ መክደን አለብኝ፣ ጫፉ ይደርቃል። ከዚያ አምስት ደቂቃ ትቼው ሁለተኛ ንብር ካስፈለገ እጨምራለሁ። መስመር ቀርቶ ከሆነ ደረቁ ላይ ጠቆር ያለውን ደጋግሞ መፈተግ ያባብሰዋል፤ ያንን ቁራጭ በሙሉ በቀላሉ ቀለም መልሶ ማርጠብና እንደገና መጀመር ነው የሚያዋጣው። ቀይና አረንጓዴ ጌጦቹን የማስገባው ቢጫው ከደረቀ በኋላ ነው። ብርሃን የሚያርፍበትን ቦታ መጨረሻ ላይ በነጭ ጂል ፔን በአንድ አጭር ሰረዝ አሳያለሁ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የሐረሪ ቤት ነደባ ነው፤ ይህ ከፍ ብሎ የተሠራው መቀመጫ ሰፊ ነው፣ ቀይ ነው፣ ከነጭ ግድግዳ ጋርም ይዋሰናል። ቀዩ አፈር በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ ነው ይባላል፤ ስለዚህ ቀለሙን ወደ ሮዝ ወይም ወደ ብርቱካን አላቀልለውም፤ ከኮፒክ የአፈር ቀለማት ቤተሰብ ኢ04፣ ኢ07 እና ኢ09ን እጠቀማለሁ። ቀይ ከመስመር የመዝለል ጠባዩ ከሌሎች ይበልጣል። ጥቁሩን መስመር ሳልነካ አንድ ሚሊሜትር ክፍት እተዋለሁ፤ ቀለሙ ራሱ ሄዶ ይሞላዋል። ሰፊውን ቦታ በጠፍጣፋው ጫፍ እሸፍናለሁ፤ እያንዳንዱ ጭረት የቀደመውን እርጥብ ዳር በሩብ ያህል ይደርባል፣ እጅም መሃል ላይ አይቆምም። መቆም የግድ ከሆነ ማቆሚያው ንድፉ ራሱ ማዕዘን የሠራበት ቦታ ላይ ይሁን፤ እዚያ የሚቀረው መስመር ጥላ ይመስላል። ቀይ ወደ ግድግዳው ካለፈ ቀለም አልባውን ማርከር፣ ኮፒክ 0 የሚባለውን፣ ከነጩ በኩል ወደ ቀዩ እየገፉ መመለስ ይቻላል። ይገፋዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ስለዚህ ቀለሙ ከገባ ብዙም ሳይቆይ ሁለት ሦስት ጊዜ በመሃል እያደረቁ መሥራት ያስፈልጋል፣ በየመሃሉም ጫፉን በሌላ ወረቀት ላይ ማጽዳት።

ላብ ሌላው ጠላት ነው። የእጅ እርጥበት የነካው ወረቀት ቀለሙን እኩል አይቀበልም፣ ነጠብጣብ ያወጣል። መዳፌ ስር ሁልጊዜ ንጹሕ ወረቀት አለ፤ እጄ በሄደበት አብሮ ይሄዳል። ከገጹ ስርም አንድ ወፍራም ወረቀት አኖራለሁ፣ የዘለቀው ጠረጴዛ ላይ እንዳያርፍ። ጣትና ፕላስቲክ ላይ የቀረ ቀለም በፋርማሲ 70 ፐርሰንት አልኮል ይለቃል። ይህንኑ አልኮል የደከመ ማርከር ውስጥ መጨመር ግን አይሆንም፤ ሠላሳው እጅ በአብዛኛው ውሃ ነው፣ ቀለሙም ይቀጥናል። ሳኒታይዘር ከዚያም የባሰ ነው፤ ማወፈሪያው ጫፉን ይዘጋዋል። መሙያ ቀለም ያለው ማርከር በመሙያው ይሞላ፤ የሌለው ሲያልቅ ይተካ።

ማርከር የሚቀመጠው ተጋድሞ ነው፣ ቀለሙ ለሁለቱም ጫፎች እኩል እንዲደርስ። ቆርቆሮው በሚግልበት ክፍል ወይም በቆመ መኪና ውስጥ መተው ውስጡ ያለውን አየር ያሰፋውና ክዳኑ ሲከፈት ቀለሙ ጠብ ይላል። በደንገጎ በኩል ወደ ሐረር ሲወጣም ከፍታው ስለሚጨምር ተመሳሳይ ነገር ሊያጋጥም ይችላል፤ እዚያ ስደርስ ትንሽ አቆይቼ፣ ጫፉን ወደ ላይ አድርጌ፣ ሶፍት ይዤ እከፍታለሁ። ሐረር ቀዝቀዝ ስለምትል በዚያው ማርከርና በዚያው ወረቀት አራት ሳንቲሜትር የሚሆን ቦታ ሳይደርቅ ይዋሃዳል። ሰፊ ጀርባ ያላቸውን ገጾች ለዚያ አስቀምጣለሁ።

መረጋጋቱን በተመለከተ፣ ቀለም የመምረጥ ሥራን ከመቀባቱ መለየት ከሁሉ ይበልጥ ይረዳል። አምስቱን ማርከር ቀን መርጬ፣ በቅደም ተከተል ደርድሬ፣ ቀሪዎቹን ሳጥን ውስጥ እከታለሁ። ማታ ስቀመጥ የሚቀረው እጅን በዝግታ ማንቀሳቀስ ብቻ ይሆናል፤ ቀጣዩ ምን ይሁን የሚል ጥያቄ የለም። ከ40 ደቂቃ በላይ አልቀጥልም። ዓይን ሲደክም እጅ ይቸኩላል፣ ቀለሙም ከመስመር ይወጣል። አንድ ገጽ በአንድ ማታ እንዲያልቅ መፈለግም ሰውን ያጣድፋል፤ የስፌት ገጽ በየማታው አንድ ስፌት እየተቀባ ሳምንት ቢወስድ ምንም አይጎዳም።

ያለቀውን ሥዕል ፀሐይ በሚገባበት ግድግዳ ላይ አልሰቅልም። የእነዚህ ማርከሮች ቀለም ብርሃን አይችልም፤ ሮዝና ሐምራዊ አስቀድመው ይገረጣሉ። በማግስቱ ጠዋት፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳታርፍበት፣ መስኮት አጠገብ ፎቶ አነሳዋለሁ፤ ከዚያ በየመሃሉ ንጹሕ ወረቀት እያስገባሁ ፋይል ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።